የከተማችሁን ወንዝ ለማጥናት ጠርሙስና ሎሚ ያዙ

የከተማ ወንዝ ላጥና ያለ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ጠርሙስ ነው። ውሃ ይቀዳል፣ ላብራቶሪ ይወስዳል፣ "ቆሽሿል" የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። መቆሸሹንማ ሽታው ነግሮት ነበር! የቀረው ውሃው በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚወርድ ማወቅ ነው። ለዚህ አንድ ሎሚ ይበቃል።

ወንዝ ስትመርጡ አቅማችሁን እወቁ። ባህር ዳር ላይ አባይን በዚህ መንገድ መለካት አይሞከርም። ጥልቅ ነው፣ ጉማሬም አለ። ፍሰቱንም ዝናብ ብቻ ሳይሆን ከጣና መውጫው ላይ ያለው የጨራ ጨራ ግድብ በሮች ይወስኑታል። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ከጉልበት የማያልፍ ጅረት ፈልጉ።

ከዚያ ሦስት ቦታ ምረጡ፦ ከተማው ሳይነካው፣ መሀል ከተማ፣ ከከተማው ከወጣ በኋላ። የመጀመሪያውን የሚዘለው ብዙ ነው። እሱ ከሌለ ግን የከተማው ጥፋት ከላይ ካለው ማሳ አይለይም። በእግር ስትሄዱ ወደ ውሃው የሚገባውን ሁሉ ጻፉ፦ የመኪና እጥበት፣ የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ፣ የቄራ ቦይ። የጠላና የአረቄ አተላም አይረሳ። መርዝ ባይሆንም ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል።

አሁን ቅዱ፤ ከመለካታችሁ በፊት። እኔ የመጀመሪያ ቀን ጥልቀት ልለካ ገብቼ ስንቦጫረቅ ቆየሁና ከዚያ ቀዳሁ። የቀዳሁት ራሴ ያደፈረስኩትን ነበር። ጓንት አድርጉ፣ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ የክዳኑን ውስጥ በጣት አትንኩ። ለባክቴሪያ ምርመራ ጠርሙሱ ከጀርም የጸዳ ይሁን። ናሙናው በበረዶ ሆኖ እዚያው ቀን ላብራቶሪ ይግባ።

ሙቀት፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት ልክ) እና ኦክሲጅን ግን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካሉ። ኦክሲጅን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ ንጹህ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር አልፋለች። አየሩ ስስ ስለሆነ እዚያ ሙሉ የሚባለው 6.7 አካባቢ ነው። ስለዚህ መለኪያችሁ 6.5 ቢል አትደንግጡ፤ 3 ቢል ደንግጡ። ሰዓታችሁም አይለዋወጥ። ዋቅላሚ ባለበት ውሃ ኦክሲጅን ማለዳ ዝቅ፣ ከሰዓት ከፍ ይላል።

ድንጋይም ገልብጡ። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው የነፍሳት እጮች ካገኛችሁ መልካም ነው። ቀያይ ትል መሳዮች ብቻ ከሆኑ ነገሩ ተበላሽቷል።

ወደ ሎሚው እንምጣ። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ለኩ። ሎሚውን ከመነሻው ትንሽ ከፍ ብላችሁ ጣሉና መነሻውን ሲያልፍ ሰዓት ያዙ። ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። 25 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው። ከታች ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ በ0.85 አባዙት፤ 0.34 ይሆናል። ወርዱ 3 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ ውሃው የሚያልፍበት ስፋት (ወርዱ ሲባዛ በጥልቀቱ) 0.6 ካሬ ሜትር ነው። ፍጥነቱና ስፋቱ ሲባዙ በሰከንድ 0.204 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 204 ሊትር ገደማ።

ይህ ልፋት ለምን? በምሳሌ እንየው። መጋቢት ላይ ናይትሬቱ (ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚገባው ንጥረ ነገር) በሊትር 10 ሚሊግራም፣ ፍሰቱ በሰከንድ 20 ሊትር ነው እንበል። ሐምሌ ላይ ናይትሬቱ 2 ብቻ፣ ፍሰቱ ግን 600። ወረቀቱን ያየ ሰው "ክረምት ወንዙን አጸዳው" ይላል። አባዙት እስቲ። መጋቢት በቀን 17 ኪሎ፣ ሐምሌ ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሬት ወርዷል። ክረምቱ አቀጠነው እንጂ አላጸዳውም። ከታች ሆኖ የሚቀበለው ግን ያንን ሁሉ ኪሎ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ለክቶ መተው የለም። ቢያንስ በበጋና በክረምት ድገሙት፤ የገበያ ቀንና ተራ ቀንም ለዩ። ማዘጋጃ ቤቱ ከፈቀደ ድልድዩ ምሰሶ ላይ በቀለም ሳንቲሜትር ጻፉና የውሃውን ከፍታ ጠዋት ማታ መዝግቡ።

ክረምት ላይ አንድ ሰው ዳር ቆሞ ወደ ላይ ይመልከት። ከተማው ላይ ፀሐይ ሆኖ ጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ ይችላልና ወዲያው ውጡ። ሎሚውን ተዉት።