የአገር ዕቅድ አርቅቅ ስትባል ከየት ትጀምራለህ?

ዕድሜዬን የጨረስኩት ፕላን ክፍል ውስጥ ነው። አዲስ ገቢ ልጆች ዛሬም ይደውላሉ፤ «ጋሼ፣ የአሥር ዓመት ዕቅድ ከየት ይጀመራል?» ይላሉ። ካለፈው ዕቅድ። ራዕይ የሚለውን ገጽ ለጊዜው ተወው፤ እሱን የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

የመጀመሪያውን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አውጣ፤ ከ2003 እስከ 2007 ያለውን። 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ይል ነበር። የጅቡቲው ባቡር የተመረቀው መስከረም 2009 ነው፤ ዕቅዱ ካለቀ በኋላ። ስኳሩንማ ሸማቾች ማኅበር ደጅ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 2003 ተጀምሮ ጳጉሜን 2017 ተመረቀ፤ ሦስት ዕቅድ ተሻገረ ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግብ ጎን በእርሳስ ጻፍ፦ ስንት ዓመት ይፈጃል? የሚፈልገው ብር ነው ወይስ ዶላር? ዶላር ከሆነስ ከየት ይመጣል?

ከዚያ ሕገ መንግሥቱን፣ ምዕራፍ አሥርን ክፈት። አንቀጽ 89 ኢኮኖሚ፣ 90 ማኅበራዊ፣ 91 ባህል ነው። 90 ላይ ትምህርቱም፣ ጤናውም፣ ንጹህ ውሃውም የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ነው የሚለው። የአንተ ሥራ «አቅም በፈቀደ» የምትለው ላይ ነው፤ የቱ ይቅደም፣ የቱ ይቆይ። መሥሪያ ቤቶችን ሰብስበህ «ቅድሚያችሁ ምንድን ነው?» ብለህ እንዳትጠይቅ፤ ሁሉም ቅድሚያ ነው ይሉሃል። «አምስት ዓመት ይቆይ የምትሉት የቱ ነው?» በላቸው። ጸጥ ይላል። አትቸኩል፣ ቡና ይምጣ። አንዱ ሲደፍር ሌላው ይከተላል። የተባለውን በቃለ ጉባኤ አስፈርም፤ ኋላ «አላልኩም» ይመጣል።

ባህል ሁልጊዜ መጨረሻ ገጽ ላይ ነው የሚገኘው፤ «ይጎለብታል»፣ «ይበለጽጋል» ተብሎ። እነዚህን ሰርዝና የሚቆጠር ነገር ተካ። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትን ከዝናብ የሚከልለው መጠለያ ጊዜያዊ ተብሎ ተተክሎ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የትኛው ቅርስ፣ በየትኛው ዓመት፣ ማን ይጠግነዋል? የጠራቢ ባለሙያ ሥልጠናስ በማን በጀት ነው? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ መስመር ያላገኘ ነገር በሦስተኛው ያገኛል ብለህ አትጠብቅ።

የሕዝብ ውይይቱን ከረቂቁ አስቀድም። አንቀጽ 89 ራሱ ሕዝብ በፖሊሲ ዝግጅት ይሳተፍ ይላል። ሰነዱ ታትሞ ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ አበል ከማስወጣት በቀር ትርፍ የለውም። በመጨረሻ «ይቆይ» የተባሉትን ከነምክንያታቸው አባሪ አድርገህ ከዕቅዱ ጋር ለምክር ቤቱ ላክ። አለቃህ «ይሄ ምን ያደርጋል?» ይልሃል። ላክ።