የአያት ሰንጢ እጃችሁ ሲገባ

ሃምሳ ዓመት በአያት ኪስ የኖረ ሰንጢ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የልጅ ልጅ እጅ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ተቀባዩ በደስታ ተነሥቶ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ በሞተር በሚሽከረከር ድንጋይ ያስሞርደዋል። ሰንጢው ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል። ነገር ግን የሠሪው ማኅተም ጠፍቷል፣ የብረቱ ጥንካሬ በሙቀት ሞቷል፣ አያት በስንት ዓመት ያወጡለት ቅርጽም ተበልቷል። ስለዚህ ብረቱን የሚበላውን ነገር ብቻ አውጡ፤ የአያት እጅ የተወውን ግን አትንኩ።

አያት በሕይወት ካሉ ሥራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። በሁለት እጃችሁ ተቀብላችሁ፣ ምርቃቱን አሜን ብላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ ከየት ገዙት? ምን ሲቆርጡበት ኖሩ? በምን ይስሉት ነበር? መልሱ ለጥገናው በቀጥታ ይጠቅማል። ሎሚና ብርቱካን ሲቆርጥ የኖረ ስለት ይጠቁራል፤ የወይራ መፋቂያ ሲጠርብ የኖረ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ጎድጉዶ ያልቃል። ከቻሉ አንድ ጊዜ ፊታችሁ እንዲስሉት ለምኗቸውና በስልክ ቅረጹ። ዘመኑን «ጣልያን በወጣ በዓመቱ» ብለው ቢነግሯችሁ እንዳሉት ጻፉት፣ ከጎኑ 1934 ዓ.ም. ብላችሁ አክሉ። ወረቀቱ ከሰንጢው ጋር ይቀመጥ። ስለቱ ላይ ስም አታስቀርጹ፤ የተቀረጸው ፊደል እርጥበት የሚቋጥር ጎድጓዳ ይሆናል።

ከዚያ ማኅተሙን ፈልጉ። የሚገኘው በስለቱ ሥር፣ ወደ እጀታው በሚገባበት አጠገብ ነው። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ስታበሩበት የደበዘዘው ፊደል በጥላው ይነበባል። አንዳንዱ ምልክት ዕድሜ ይናገራል። የስዊሱ ፋብሪካ «ቪክቶሪኖክስ» የሚለውን ስም የያዘው በ1921 ነው፤ ስሙ እንዲህ በሙሉ ከተጻፈ ሰንጢው ከዚያ አይቀድምም። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ አንገቱ ላይ የሚዞረው መቆለፊያ ቀለበት የመጣው በ1955 ነው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆኑ ከአያት ታሪክ ጋር ስታስተያዩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሱ፤ 1955 በእኛ 1947 ወይም 1948 ዓ.ም. ነው።

ማኅተሙ አጠገብ «ኢኖክስ»፣ «ሮስትፍራይ» ወይም «ስቴይንለስ» የሚል ካለ ብረቱ ዝገትን የሚቋቋም ነው። ከሌለና ስለቱ ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ካለው፣ የሚዝገው ካርቦን ብረት መሆኑን ገምቱ። በማግኔት መለየት አይቻልም፤ የማይዝገውም የቢላዋ ብረት ማግኔት ይስባልና። ይህን ማወቁ የሚጠቅመው ለዝገቱ ነው። በካርቦን ብረት ላይ ለስላሳውና ጥቁሩ ቀለም ጠባቂ ሽፋን ስለሆነ ይቆይ። ጠላት ቀዩ ነው፤ በጥፍር ሲነካ የሚሻክር፣ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ቡናማ ዱቄት የሚተው። ቀዩ ዝገት እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ወደ ታች መብላቱን ይቀጥላል።

ቀዩን ለማውጣት የስፌት መኪና ዘይት ስለቱ ላይ ቀቡና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ተዉት። ከዚያ በናስ ቁራጭ ወይም በጠንካራ እንጨት ጫፍ በቀስታ ፋቁ፤ ናስ ከስለቱ ብረት ስለሚለሰልስ አይጭረውም። የቀረውን 0000 በሚባለው እጅግ ቀጭን የብረት ሱፍ፣ በዘይት አርሳችሁ፣ ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አይሆንም፤ የሚተወው ጭረት የሚቀጥለው ዝገት መንገድ ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርም ብዙ ሰው ይመክራል፤ ለአያት ሰንጢ ግን አይሁን። አሲዱ ጥቁሩን ሽፋን አብሮ ይነሣል፣ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶም ከማይታይበት ሆኖ ይበላል። ቀዩ ወጥቶ ከሥሩ የነጠብጣብ ጉድጓድ ቢቀር ተዉት። ጉድጓዱን ለማጥፋት ብረቱን ሁሉ ማቅጠን ያስፈልጋል፣ ለመቁረጥ ደግሞ አይከለክልም።

አሁን ማጠፊያው። ተራ ሰንጢ ሦስት ነገር ነው፦ ስለቱ፣ የሚዞርበት ሚስማር፣ ከጀርባ የሚገፋው ሞላ። ለዓመታት የተጠራቀመ የኪስ ብናኝና የደረቀ ዘይት በመካከላቸው ይጋገራል። ሰንጢው አልከፈት ካለ በፒንሳ አትሳቡት፤ ወይ የጥፍር መያዣው ይቆረሳል፣ ወይ ስለቱ ይሰበራል። ሁለት ጠብታ ዘይት ሚስማሩ ላይ አድርጋችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ጥቂት ነቅንቁ፣ እንደገና ጠብቁ። ሲከፈት ውስጡን በጥርስ መጎርጎሪያ ጥረጉ፣ አንድ ጠብታ ጨምሩ፣ አሥር ጊዜ ያህል ክፈቱና እጠፉ፣ የወጣውን ጥቁር ጭማቂ በጨርቅ ጥረጉ። ዘይቱ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይህን ደጋግሙ። ሲዘጋ በሞላው ኃይል «ቀጭ» እንዲል አትልቀቁት። ሥሩ ያለቀ ሰንጢ አፉ ከሞላው ጋር ይጋጭና መካከሉ ላይ ይሸረፋል፤ በእጅ እያበረዳችሁ እጠፉት።

ዘይቱ ከወጥ ቤት አይምጣ። በተለይ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ቅቤም ይበላሻል። ፍራፍሬና ሥጋ ለሚቆርጥ ስለት ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ ፈሳሽ ፓራፊን ይሻላል።

እጀታው እንደ ተሠራበት ነገር ይያዛል። ቀንድ፣ አጥንትና እንጨት ውኃ ውስጥ አይነከሩም፤ ያብጣሉ፣ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ፣ ሚስማሮቹንም ያላላሉ። በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁ። ቀንድ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጭኑ ፓራፊን ቢታሽ አይነቃም። ተባይም ይበላዋልና በእጀታው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚመስል ወይም የተበላ መስመር ካያችሁ ሰንጢውን ከሌላ ዕቃ ለዩት። ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው ሴሉሎይድ ነው፤ የዔሊ ቅርፊት ወይም ዕንቁ የሚመስል ያረጀ ፕላስቲክ። ሲያረጅ ብረት የሚበላ አሲዳማ ትነት ያወጣል። ስለቱ በሌላው ክፍል ደኅና ሆኖ ከእጀታው በሚቀራረብበት ብቻ ቢዝግ ይህን ጠርጥሩ። ሴሉሎይድ በቀላሉ ስለሚነድም ከሙቀት አርቃችሁ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ለብቻው አስቀምጡት።

አሁን መሳል ይቻላል፤ መሳል ካስፈለገ። ስለቱ ቲማቲም ሳይጨፈልቅ የሚቆርጥ ከሆነ አትንኩት። ሁለት ገጽ ያለው፣ የሻካራነት ቁጥሩ ባንድ በኩል 400 (ሻካራው) በሌላው 1000 (ለስላሳው) የሆነ፣ በውኃ ርሶ የሚሠራ መሳያ ድንጋይ ይበቃል። ድንጋዩን ዐሥር ደቂቃ ውኃ ውስጥ አድርጉና እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ እንዳይንሸራተት። ከደነዘ በ400 ጀምሩ፣ ጥቂት ስለት ከቀረው በ1000 ብቻ። ማዕዘኑ በየጎኑ 20 ዲግሪ ያህል ነው። ስለቱ 15 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ጀርባው ከድንጋዩ 5 ሚሊሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው፤ የተደራረቡ ሳንቲሞች ከጀርባው ሥር አድርጋችሁ ከፍታውን በዓይናችሁ ልመዱ፣ ከዚያ ሳንቲሞቹን አንሡ።

አፉን ወደ ፊት አድርጋችሁ፣ ከድንጋዩ ላይ ቀጭን ልጣጭ እንደምትልጡ ሁሉ፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ በአንድ ጉዞ ግፉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አትቁጠሩ። የሚነግራችሁ ጣት ነው፦ አውራ ጣታችሁን ከጀርባ ወደ አፍ ስታንሸራትቱ (በአፉ ርዝመት በፍጹም አይሁን) ከተሳለው ጎን በተቃራኒ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሻካራ ጠርዝ ይዳሰሳል። ጠርዙ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይወጣ ገልብጣችሁ ከሳላችሁ መካከሉ ይሰላል፣ ጫፉ ይደነዝዛል። ብዙ ሰው «ድንጋዩ አይረባም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ጎን ጠርዝ ካወጣ በኋላ በቀላል እጅ እያፈራረቃችሁ ዐሥር ጊዜ፣ ከዚያም በተወጠረ የቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተታችሁ ዐሥራ አምስት ጊዜ። ወደ ፊት ከገፋችሁ ቀበቶው ይቆረጣል። የተሳለ ስለት ወረቀት ሳይነክስ ይሰነጥቃል።

በሞተር ድንጋይ ማስሞረድ የሚጎዳበት ምክንያት ሙቀት ነው። የካርቦን ብረት ስለት ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል፤ ያ ክፍል ለስልሶ ስለት አይዝም፣ የሚመለሰውም ሰማያዊው ሁሉ ተፍቆ ሲያልቅ ብቻ ነው። ስለቱ ወደ ጎን የሚወላወል ከሆነ ደግሞ ሚስማሩን በመዶሻ ለማጥበቅ አትሞክሩ፤ አንዱ ምት ቀንዱን ይሰነጥቀዋል። የሰንጢ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይየው፣ እጀታ ቢለወጥም አሮጌውን እንዲመልስላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሰንጢውን በቆዳ ሰገባው ውስጥ አታኑሩት። ቆዳው የተለፋበት ነገር እርጥበት ይዞ ብረቱን ይነካል። ዘይት ቀብታችሁ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩ፤ በክረምት በየወሩ፣ በበጋ በየሦስት ወሩ ተመልከቱ። እንደ ጅዳና ዱባይ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች የምትኖሩ ግን ዓመቱን ሙሉ በየወሩ።

ይዛችሁት ወደ ውጭ የምትበሩ ከሆነ ሰንጢው በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ሻንጣ አይሁን፤ ፍተሻ ላይ ከተያዘ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ቤት ሳላችሁ ኪሳችሁን አረጋግጡ፤ የኪስ ዕቃ ነውና ይረሳል። በደረሳችሁበትም አገር ሕጉን እዩ። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በኪስ ይዞ መውጣት የሚፈቀደው የማይቆለፍና አፉ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲሜትር) ያልበለጠ ታጣፊ ብቻ ነው፤ ቀለበቱ የሚቆልፈው ኦፒኔል ቤት ይቀመጣል።