ክፍል ውስጥ የሚጨፍሩ፣ ዳንስ ምሽት ላይ የሚደርቁ ጀማሪዎች

ሳልሳ የሚባለውን የጥንድ ዳንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ አሳምረው ይጨፍራሉ፤ ዳንስ ምሽት ላይ ግን ግድግዳ ተደግፈው ያመሻሉ።

መጀመሪያ ተጨማሪ ዙሮች፣ ማለትም የመሽከርከር እንቅስቃሴዎች፣ አስተማርኩ። ባሰባቸው፤ ምርጫው ሲበዛ እግራቸው ተሳሰረ። «አይዟችሁ፣ ዘና በሉ» ማለትም ሞከርኩ። ይሄ መቼም ለማንም ሠርቶ አያውቅም።

የሠራው ቆጠራውን ማቆም ነው። ሳልሳ በ8 ምት ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜ 4 እና 8 ላይ አይረገጥም። እኔ ስቆጥርላቸው ሙዚቃውን አይሰሙትም ነበር። ስለዚህ የክፍሉን የመጨረሻ 15 ደቂቃ የማያውቁትን ዘፈን ከፍቼ 1ን፣ ማለትም ቆጠራው የሚጀምርበትን ምት፣ ራሳቸው እንዲፈልጉ ተውኳቸው። የሚፈቀደው መሠረታዊው እርምጃና አንድ ዙር ብቻ። በየዘፈኑ አጣማሪ ይቀየራል፤ «እንጨፍር?» ብሎ መጠየቁም ልምምድ ነው።

ምቱ የጠፋበት ሰው አጣማሪውን ሳይለቅ ክብደቱን ከእግር እግር እያቀያየረ 1ን ይጠብቃል። ፍርሃቱን ያቀለለው በተለይ ይሄ ነው። አሁን ዘፈን ሲጀምር ቀድመው ይነሳሉ።