የኤም ጂ ቢ የፊት ጎሚኒ እንዴት ይቀየራል

ፍሬን ሲያዝ ከፊት በኩል «ጓ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ መኪናዋም በቀጥታ መንገድ ላይ ወደ ጎንና ጎን የምትል ከሆነ፣ መሪውን ከመክሰሳችሁ በፊት ጎሚኒውን፣ ማለትም የፊት እግሩን ክንድ ከመያዣው ጋር የሚያገናኘውን ላስቲክ፣ እዩ። ከሥር ገብታችሁ በባትሪ ስታበሩበት ያለቀ ጎሚኒ ራሱን አይደብቅም፤ ከታችኛው ክንድ ዳርና ዳር እንደ ተኘከ ማስቲካ ተጨፍልቆ ይወጣል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ለማረጋገጥ በክንዱና በመያዣው መካከል የብረት ዘንግ አስገብታችሁ ወዝውዙት። ብረት ብረት ሲነካ ከተሰማ ጊዜው አልፏል።

ኤም ጂ ቢ በእንግሊዝ አገር አቢንግደን ውስጥ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ500,000 በላይ የተመረተች መኪና ነች። አብዛኞቹ የተላኩት ወደ አሜሪካ ስለነበር እኛ ባለንበት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ዛሬም ሲሸጡ ይገኛሉ። ዋጋቸው ከሌሎች አሮጌ ስፖርት መኪኖች አንፃር አይጎዳም፣ ዕቃቸውም እስካሁን በአዲስ ይሠራል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ እጁን ያፍታታ ሰው የፊት እግራቸውን ሲያይ አይደናገርም፦ ሞላ፣ ሁለት የታች ክንድ፣ ኪንግ ፒን (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ)፣ ከላይ ደግሞ የሾክ አብዞርበሩ እጅ ራሱ እንደ ላይኛ ክንድ ያገለግላል።

መጀመሪያ የትኛውን ጎሚኒ እንደምትገዙ ወስኑ። የድሮው ዓይነት ለሁለት የተከፈለ ተራ ላስቲክ ነው፤ ለሁለቱም ጎን 8 ቁራጭ ያስፈልጋል፣ ቶሎም ያልቃል። እኔ የምመርጠው ከ1973 እስከ 1976 ለተሠራችው ባለ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ኤም ጂ ቢ ጂቲ የተዘጋጀውን ነው። መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ የተጣበቀበት አንድ ወጥ ጎሚኒ ስለሆነ ለመኪናው በሙሉ 4 ይበቃል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ፕላስቲክ መሰል ነገር የሚሠራው ጠንካራ ነው፣ ለውድድር ይሆናል፤ ለዕለት መንዳት ግን ያንገጫግጫል፣ ግሪሱ ሲደርቅም ይጮኻል።

ሥራው ከመጀመሩ ሁለት ቀን በፊት በዳዶዎቹና በተለይ ኪንግ ፒኑን ከታች በሚይዘው ረጅም ቡሎን ላይ የዝገት ማላቀቂያ ደጋግማችሁ ርጩ። ክረምት ላይ መንገዱ ጨው በሚነሰነስበት አገር የቆየች መኪና ከሆነች ይህ ቡሎን ከሚያልፍበት ቱቦ ጋር እንደ ተበየደ ሊሆን ይችላል። ያኔ በብረት መጋዝ ከመቁረጥ በቀር መፍትሔ የለም፤ ስለዚህ አዲስ ቡሎን አስቀድማችሁ ግዙ። ቁልፎቻችሁ በኢንች የተለኩ ይሁኑ። «ይጠጋል» ብሎ በሚሊሜትር ቁልፍ መታገል የዳዶውን ጠርዝ ይበላል።

የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ፣ ፊቱን በክሪክ አንሱና በጠንካራ ካቫሌቶ (የብረት ማቆሚያ) ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር በፍፁም አትግቡ። ጎማውን አውጡ። አንዱን ጎን ሳትጨርሱ ሌላውን አትንኩ፤ ግራ ሲገባችሁ ያልተነካውን አይታችሁ ትገጥማላችሁ።

ከሞላው በታች ያለውን ሳህን በክሪክ ደግፉና ትንሽ ከፍ አድርጉት። ስታቢላይዘር ባር (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ዘንግ) ካለ ማያያዣውን ፍቱ። ቀጥሎ የታችኛውን ረጅም ቡሎን አውጡና ከላይ የቀረውን ክፍል በሽቦ አንጠልጥሉት፣ የፍሬኑ ቱቦ እንዳይወጠር። አሁን ክሪኩን ቀስ፣ በጣም ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ያ ሞላ የመኪናዋን ፊት ተሸክሞ የኖረ ጉልበት ነው፤ ካመለጠ ሰው ይሰብራል። ፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ እጃችሁንም በሞላውና በሳህኑ መካከል አታስገቡ። ሞላው ተንፍሶ ሲላላ በእጅ ይወጣል።

ከዚያ የሳህኑን ቡሎኖች ፍቱ፣ በመያዣው ዘንግ ጫፍ ያሉትን ኮፒሊያዎች (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግዱትን ሽቦ መሰል ቁልፎች) ነቅላችሁ ዳዶዎቹን አውጡና ክንዶቹን ሳቡ። የትኛው የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ በቀለም ምልክት አድርጉ። የክንዱን ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽ ጠርጉና እዩት፤ ሞላላ ከሆነ ወይም ዘንጉ ከተበላ አዲስ ጎሚኒ አያድነውም፣ ዕቃው ራሱ ይቀየር።

አዲሱን ጎሚኒ በሳሙና ውሃ አርሱትና በሞርሳ (የጠረጴዛ ማሰሪያ) እየገፋችሁ አስገቡት። የሞተር ዘይትም ሆነ ተራ ግሪስ አትቀቡ፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። በአንድ ወገን በዝቶ እንዳይቀር በሁለቱም ዳር እኩል ብቅ እስኪል ድረስ አስተካክሉት።

ሲገጠም ሁሉም ነገር በመጀመሪያ በላላ ይሁን። ሳህኑን፣ ሞላውን፣ ከታች ደግሞ ረጅሙን ቡሎን ግሪስ ቀብታችሁ መልሱ። ረጅሙ ቡሎን ከገባ በኋላ እሱንና የሳህኑን ቡሎኖች አጥብቁ። የዘንጉን ዳዶዎች ግን በእጅ ብቻ ተዉአቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም በመጀመሪያው መኪናዬ ተሳስቻለሁ። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶዎቹን እስከ መጨረሻ አጠበቅሁ። የብረቱ ቱቦ በዚያ ቦታ ስለታሰረ፣ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ተጠማዞ ቀረ፤ በየጉድጓዱም ይበልጥ ተጠማዘዘ። ዓመት ሳይሞላው ተቀደደ፣ ሥራውንም ከነሞላው ደግሜ ሠራሁት። ስለዚህ ጎማዎቹን ግጠሙ፣ መኪናዋን መሬት ወይም ወፍራም ሳንቃ ላይ አውርዱ፣ ፊቷን ብዙ ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርጋችሁ በተፈጥሮ ቁመቷ ትረፍ። የዘንጉን ዳዶዎች የምታጠብቁት ያኔ ነው፣ በፋብሪካው መመሪያ ልክ። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን አቃንቶ መመለስ አያስተማምንም።

ከሥር ሳትወጡ ኪንግ ፒኖቹን በግሪስ ፓምፕ አጠጧቸው። ከዚያ አላይመንት ወደሚሠራ ቤት ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ሳምንት ያህል ከነዳችኋት በኋላም ዳዶዎቹን በቁልፍ እንደገና ሞክሯቸው።