ውሃ ውስጥ የገባ የሚመስል ድምፅ፦ የተበላሸ ቅጂ ችግርና መፍትሄ

የተበላሸ ቅጂ ከመነካቱ በፊት ኮፒ መያዝ፣ በሄድፎን ማዳመጥ፣ ኬብል ማየት የታወቀ ነው። አልደግመውም። ቀጥታ ወደ ችግሮቹ ልግባ።

ከንግግሩ ስር «እምምም» ይላል። መንስኤው ኤሌክትሪክ ነው። መብራቱ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) በሆነበት አገር ጩኸቱ በ50፣ በ100፣ በ150 እያለ ይቀጥላል። 60 በሆነበት ደግሞ በ60፣ በ120፣ በ180። እነዚህን ነጥቦች ብቻ በጠባብ ፊልተር ቁረጡ። ሰፋ ካደረጋችሁት ወፍራም ድምፅ ይሳሳል።

ድምፁ ቀጥኖ፣ ንግግሩም ፈጥኖ ይሰማል። በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ፋይል በ48 ተከፍቷል። ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚያሳየውን ቁጥር) አስተካክሉ። ፒች (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) አትነካኩ።

ጮክ ሲል ይሰነጠቃል። ዌቭፎርሙን (የድምፁን ሞገድ ምስል) አቅርባችሁ እዩ። ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ ክሊፕ አድርጓል፤ ማለትም ከልክ በላይ ጮሆ ጫፉ ተቆርጧል። ቮሊዩም መቀነስ ምንም አይፈይድም። ዲክሊፕ (የተቆረጠውን ጫፍ የሚጠግነው መሣሪያ) ከሁሉም ይቅደም፤ ሌላ ነገር ከሠራችሁበት በኋላ ፕሮግራሙ የተቆረጠውን ጫፍ ለማግኘት ይቸገራል። አልፎ አልፎ ያለ ክሊፕ ይድናል። ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ከተሰነጠቀ ግን ድጋሚ ይቀዳ።

ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሁሌ እጄ የሚገባው ይሄ ነው። ከንግግሩ ጀርባ ቅልጭ ቅልጭ የሚል ነገር ይሰማል። የቃላት ጫፍ ይበላል። «ነፍስ» የሚለው ቃል «ነ» ብሎ ይቀራል።

መንስኤው ኖይዝ (የጀርባ ሽሽታ) ማጥፊያውን እስከ ጥግ መግፋት ነው። ፕሮግራሙ ድምፁን በጠባብ ጠባብ ክልል ይከፋፍላል። ከተማረው ኖይዝ ደረጃ በታች የሆነውን ሁሉ ዝቅ ያደርጋል። ሳይጠፋ የተረፈው ቁርጥራጭ እየበራ እየጠፋ ያንን ቅልጭታ ይፈጥራል። «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ደግሞ በተፈጥሯቸው ኖይዝ ስለሚመስሉ አብረው ይጠረጋሉ።

አንድ ጊዜ ስልክ ላይ የጸዳ፣ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ እንደገና የጸዳ፣ ከዚያም ለእኔ የተላከ ቃለ መጠይቅ ደርሶኛል። ኦርጅናሉ የት አለ ስል «ቦታ ያዘብን ብለን አጠፋነው» ተባልኩ። የተጠረገ ድምፅ አይመለስም። ቪዲዮው ከስሩ ጽሑፍ ተደርጎለት ወጣ። ሌላው የባሰ ነው። በሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሠራ ማጽጃ የ«ሰባት»ን መጨረሻ ውጦ «ሰባ» አድርጎታል። ድምፁ ጥርት ብሏል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ሆኗል። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ከተጠቀማችሁ ስምና ቁጥር ያለበትን ቦታ ሁሉ ከኦርጅናሉ ጋር አመሳክሩ። ይህን ሳታደርጉ ፋይል አታስረክቡ!

መፍትሄው ይኸው። ኦርጅናሉን ጠይቁ፤ ካልተገኘ ብዙ ተስፋ አትስጡ። ማንም የማይናገርበት፣ ማንም የማይተነፍስበት ግማሽ ሰከንድ ያህል ፈልጋችሁ ለፕሮግራሙ አስተምሩት። ትንፋሽ ከገባበት ትንፋሹንም ኖይዝ ነው ብሎ ይማረዋል፤ ከዚያ ንግግሩን መብላት ይጀምራል። መጀመሪያ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ቀንሱ። ካልበቃ እንደገና በስሱ ድገሙ። አንዴ 20 መቁረጥ ክልክል ነው።

ከዚያ የሚወገደውን ብቻ የሚያሰማውን ቁልፍ ተጫኑና አዳምጡ። ሽሽሽታ ብቻ ከሆነ ጥሩ። ውስጡ ቃል ከሰማችሁ አልፋችኋል፤ ተመለሱ። ትንሽ ሽሽታ ቢቀር ችግር የለውም። ሰሚ ለሽሽታ ቶሎ ይለምዳል፣ ለተበላ ቃል ግን አይለምድም። ከስር ሙዚቃ የሚገባ ከሆነማ ጭራሽ አይሰማም። በቃላት መሀል ያለውንም ጭጭ አታድርጉት፤ የክፍሉን ድምፅ ተዉለት። ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርበው መሣሪያ) ከጽዳቱ በኋላ ይሁን። ቀድማችሁ ካስገባችሁት ዝቅ ያለውን ኖይዝ ከንግግሩ ጋር ያቀራርበዋል።

ባዶ ክፍል ውስጥ እንዳለ ያስተጋባል። ማይኩ ርቋል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ ከአፍ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን እዚያው ነው። ማስተጋባት የሚቀንስ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) በስሱ ያግዛል እንጂ አያድንም። ከክፍሉ ጥግ በካሜራ ማይክ እየቀዱ «አጽዳልኝ» ማለት ይቁም። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አድርጉት። ሰው ዝም ሲል ኖይዙን ራሱ የሚያጮህ፣ አውቶማቲክ ጌይኑ (ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) የማይጠፋ ርካሽ የደረት ማይክም አትግዙ።

በሄድፎን ይሰማል፣ በስልክ ስፒከር ግን ይጠፋል። ብዙ አያጋጥምም። ግራና ቀኙ ተቃራኒ ፌዝ ሆነው (የአንዱ ሞገድ ሲወጣ የሌላው እየወረደ) ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ቻናል፣ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። የአንዱን ሞገድ ገልብጡ ወይም አንዱን ቻናል ብቻ አስቀሩ።