ኤስኤል 55 በአዲስ አበባ፦ ጉልበቷ ሲከዳ፣ ጣሪያዋ አልከፈት ሲል

የአጎቴ መኪና እ.ኤ.አ. የ2003 መርሰዲስ ኤስኤል 55 ኤኤምጂ ናት። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ የብረት ጣሪያዋ ተጣጥፎ ኋላ ይገባል። ላለፉት አምስት ዓመታት ጋራዥ የማመላልሳት እኔ ነኝ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ገብቶኛል። እዚህ ከተማ ይህን መኪና የያዘ ሰው ኪሱ የሚራቆተው በተበላሸው ዕቃ ሳይሆን ደህናውን ዕቃ እያስቀየረ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ልጀምርና ምክንያቱን ላስከትል፣ ርካሹን መፍትሄ እያስቀደምኩ።

«እንደ ድሮዋ አትወረወርም»

ወረቀቷ ላይ ያለው ይህ ነው። 5.4 ሊትር ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ አየር እየጨመቀ የሚያስገባለት ኮምፕሬሰር (የኤሲውን ማለቴ አይደለም)፣ 476 የፈረስ ጉልበት፣ 700 ኒውተን ሜትር። ከቆመችበት 100 ለመድረስ 4.7 ሰከንድ ይበቃታል። 250 ላይ ደግሞ በኮምፒውተር ታስራለች።

ዱባይ ላይ የነዳት ሰው አዲስ አበባ ላይ ሲነዳት ይደነግጣል። ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም። መስቀል አደባባይ ላይ ስትቆሙ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላችኋል፤ የአየሩም ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ጋር በቺንጊያ ስለሚዞር ያገኘውን አየር ሁሌም በተመሳሳይ እጥፍ ነው የሚጨምቀው፣ የሳሳ አየር ከገባለት የሚሰጠውም የሳሳ ነው። 476ቱ እዚህ በግምት 360 ቢሆን ነው። ይህ ብልሽት ስላልሆነ መፍትሄ አትፈልጉለት። ቱርቦ ያላቸው አዳዲሶቹ ሞዴሎች ቱርቦው ፈጥኖ እየዞረ የጎደለውን በከፊል ስለሚያካክስላቸው ከፍታው እንዲህ አይጎዳቸውም።

ይህን ያላሰበ መካኒክ ግን ያስከፍላችኋል። አንድ ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ አነበበና «ግፊቱ 0.8 ባር መሆን ሲገባው 0.6 ነው፣ ኮምፕሬሰሩ ተበልቷል፣ ይቀየር» አለን። ዋጋውን ሲሰሙ አጎቴ ዝም አሉ። እኔ ቤት ገብቼ አሰላሁት። በባሕር ወለል 1 ባር አየር ወደ 1.8 ሲጨመቅ ጭማሪው 0.8 ነው። እዚህ ግን የምንነሳው ከ0.77 ገደማ ነው፤ በዚያው እጥፍ ሲጨመቅ ወደ 1.38 ይደርሳል። ጭማሪው 0.6! ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ነበር። ዛሬም ያው ነው የተገጠመላት።

«ስትነሳ ደህና ናት፣ ዳገት ላይ ትደክማለች»

ይሄኛው እውነተኛ ብልሽት ነው። ከለገሃር ተነስተን በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንወጣ መጀመሪያ ላይ ጀርባችንን ወንበሩ ላይ ታጣብቀዋለች። መሃል ላይ ግን ነዳጅ ብትረግጡም መልስ የላትም። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አይበራም። ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው።

የተጨመቀ አየር ይግላል። ያንን አየር የሚያቀዘቅዝ ከሞተሩ ራዲያተር የተለየ የውሃ መስመር አላት፤ ውሃውን የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲሞት አየሩ እንደጋለ ይገባል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ስልኬ ላይ በምትነበብ ትንሽ ማንበቢያ ስናየው ውጪው 21 ዲግሪ፣ ማዘጋጃ ቤት ጋ ስንደርስ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 84 ዲግሪ። አቁመን አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ንቅንቅ አላለም።

ለማረጋገጥ ፓምፑን በኮምፒውተር አስነሱና እጃችሁን አስደግፉበት። ሕይወት ካለው ይንዘረዘራል፤ የኛው ድንጋይ ነበር። ከኮምፕሬሰሩ ጋር ሲወዳደር ፓምፑ ዋጋው ኢምንት ነው። ከተቀየረ በኋላ መስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር በደንብ ማስወጣት ግድ ነው፣ አለበለዚያ አዲሱም ፓምፕ ውሃውን አያዞረውም።

ፓምፑ ደህና ከሆነ ወደ ካንዴላ ሂዱ። ይህ ሞተር በአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ነው ያለው፣ በድምሩ 16። «ስምንቱንም ቀይሬያለሁ» የሚላችሁ ሰው ግማሹን ነው የቀየረው።

«ጣሪያው አልከፈት አለ»

ጤነኛ ጣሪያ በ16 ሰከንድ ተከፍቶ ያልቃል። ቁልፉን ስትይዙት ምንም ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ክፈቱ። ዕቃውን ከሚታጠፈው ጣሪያ የሚለይ መከለያ አለ፤ እሱ በቦታው ካልተያዘ ጣሪያው አይንቀሳቀስም። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፣ አንድ ሻንጣ ገፍቶት ነው።

ቀጥሎ ባትሪ። ይህች መኪና ሁለት ባትሪ አላት። የፊተኛው ሞተር ያስነሳል። ጣሪያውን፣ በሩንና ሌላውን የሚመግበው ኋላ ያለው ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ስለተነሳ ባትሪው ደህና ነው ብላችሁ አትታለሉ። ማታ አቁማችሁ ጠዋት በቴስተር የኋላውን ለኩት፦ 12.5 አካባቢ ካለ ደህና፣ 12 ከወረደ መሞላት ወይ መቀየር አለበት። አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስለሚነዷት የኛዋ ባትሪ በየጊዜው ይወርድ ነበር። አሁን ግቢ ውስጥ ቻርጀር ላይ ትውላለች።

በክረምት ሌላ ነገር ይጨመራል። የጣሪያው ውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቅጠልና በጃካራንዳ አበባ ይደፈናሉ፣ ጎሚኒውም ይደርቃል፣ ውሃው ባትሪውና ኤሌክትሮኒክሱ ያሉበት ይገባል። ሐምሌ ላይ ምንጣፉን አንስቼ እጄን ስሰድ እስከ አንጓዬ ረጠበ። ከሰኔ በፊት ቀዳዳዎቹን አጽዱ።

ጣሪያው መሃል ላይ ቢቆም በጉልበት አትግፉት። በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። የዘይቱን መጠንና የሚያንጠባጥብ ሲሊንደር መኖሩን ያስፈትሹ።

«ጠዋት ላይ አንድ ጎኗ ወርዶ አገኘኋት»

እግሯ ላይ ያለው ኤቢሲ የሚባለው ሥርዓት ነው፤ ሞላውን በዘይት ግፊት ያነሳዋል፣ ያወርደዋል። ሳምንታት ቆማ ትንሽ ብትወርድ አያስደነግጥም። በአንድ ሌሊት አንድ ጥግ ብቻ ከወረደ ግን በዚያ በኩል ያለው የቫልቭ ማከፋፈያ ውስጡ እያሳለፈ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጎሚኒዎቹን በመቀየር ይድናል። አስፋልት ላይ ስትንገጫገጭ ደግሞ ጋዝ የያዙት ኳሶች ባዶ ሆነዋል ማለት ነው። ቀይ ማስጠንቀቂያ ከበራ ቁሙ። መንዳት ከቀጠላችሁ ፓምፑን ትጨርሱታላችሁ።

ዘይቱ አረንጓዴው ሲኤችኤፍ 11 ኤስ ነው፤ የመሪ ዘይት ወይም የካምቢዮ ዘይት አይተካውም። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ማስገባት ስለተከለከለ ሶማሌ ተራ ላይ ለዚህች መኪና የሚሆን ፓምፕ ማግኘት ከባድ ነው። ከውጭ አስመጥታችሁ ነው የምትገጥሙት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ በክሪክ ብቻ አንስታችሁ ሥሯ አትግቡ።

«ሙቀቱ ይወጣል»

መጀመሪያ የማቀዝቀዣ ውሃውን ክዳን ቀይሩ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀትም እዚያው አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ችግሩ ሳይታይ የሚያገለግል የላላ ክዳን፣ እዚህ በለገሃር መጨናነቅ ውስጥ ያጋልጣችኋል። ከዚያ ቴርሞስታቱን፣ ከዚያ ፋኑን እዩ። የቧንቧ ውሃ አትጨምሩባት።

ፍሬን

የ2003ቷ ፍሬን ኤስቢሲ ይባላል፤ ግፊቱን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። በሩን ስትከፍቱ እንኳ ይነቃል፣ «ዝዝ» ሲል ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ፍሬን ሸራ ሲቀየር ሥርዓቱ አስቀድሞ በኮምፒውተር መዘጋት አለበት። ካልተዘጋ ፒስተኖቹ በድንገት ሊገጥሙና የሰው ጣት ሊጨፈልቁ ይችላሉ። መካኒኩ ኮምፒውተር ሳይሰካ ጎማ መፍታት ከጀመረ አስቁሙት።