ስፓኒሽ ለመማር ሳላማንካ ሲደርሱ

የስፔኗ ከተማ ሳላማንካ ከማድሪድ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ናት። ከተቻለ ትምህርት ከሚጀመርበት ሰኞ በፊት ባለው ዓርብ ይግቡ፤ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ ሲም ካርዱም አስቤዛውም ቅዳሜ ማለቅ አለበት።

የደረጃ መለያ ፈተናው ላይ በግምት አያክብቡ፣ የማያውቁትን ባዶ ይተዉት። በዕድል የተገኘ ነጥብ ከአቅም በላይ የሆነ ክፍል ውስጥ ይከታል። ክፍሉ ካልሆነዎት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይናገሩ፤ ሲቆይ ቦታው ይሞላል።

ቪዛዎ ከ6 ወር በላይ ከሆነ ዋናው ጣጣ የመኖሪያ ካርዱ ነው። ስፔን በገቡ በ30 ቀን ውስጥ ይጠየቃል። መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደው በፓስፖርትና በቤት ኪራይ ውል አድራሻዎን ያስመዝግቡ (ኤምፓድሮናሚዬንቶ ይሉታል)። ከዚያ ፖሊስ ዘንድ የሚቀርበው የካርዱ ማመልከቻ (ኢኤክስ-17 ቅጽ)፣ የካርዱ ክፍያ በ790 ቅጽ ኮድ 012 ባንክ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ፓስፖርትና ኮፒው ነው። ቀጠሮው በኢንተርኔት ስለሚያዝና ቶሎ ስለሚያልቅ በደረሱበት ሳምንት ይያዙት። አንዳንድ አከራይ በአድራሻው ማስመዝገብ አይፈቅድም፤ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ምሳ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ግድም፣ እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ረፋድ ላይ የሚቀመስ ነገር ይያዙ። ለጾመኛ «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻውን አይበቃም፦ ምስር ወጡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ፣ ሰላጣው ላይ ቱና ይመጣል። አሳማውን፣ ዓሣውን፣ እንቁላሉንና ወተቱን አንድ በአንድ ስም ጠርተው ቤታቸው ለሚያርፉበት ቤተሰብ አስቀድመው ይጻፉላቸው።